በንፍሮ የሚጠመደውና የማይጠመደው፦ የአካባቢን የአፈር ረቂቅ ተሕዋስያን ለጓሮ ስለማባዛት

የኢትዮጵያ ገበሬ ማሳው ላይ የሚበትነው ዩሪያና ኤንፒኤስ ለዓመታት ከውጭ እየተገዛ ሲገባ የኖረ በመሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 እና በ2022 በዓለም ገበያ የታየው የማዳበሪያ ዋጋ ንረት ወደ ገበሬው ለመድረስ ብዙም አልዘገየም፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ከዋጋው ባሻገር አቅርቦቱ ራሱ አነጋጋሪ ሆኖ እንደነበር ይታወሳል። ነሐሴ 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ግሩፕ ጋር በጎዴ የማዳበሪያ ፋብሪካ ለመገንባት የተፈራረመው ለዚሁ ችግር መፍትሔ ለመሻት ነው፤ ይሁን እንጂ ፋብሪካ ተገንብቶ ምርቱ እስኪዳረስ ጊዜ ይወስዳል። በዚህ መካከል ቤት ውስጥ ሊዘጋጁ ወደሚችሉ ግብዓቶች ፊቱን ያዞረው ሰው፣ በተለይም በግቢው ጎመንና ሽንኩርት የሚያለማው የከተማ ነዋሪ፣ እየበዛ ነው። ኮምፖስትና በትል የሚዘጋጀው ቨርሚ ኮምፖስት ከሞላ ጎደል ተለምደዋል። ከእነርሱ ቀጥሎ እየተወራለት ያለው ደግሞ ከደን ወለል ላይ ረቂቅ ተሕዋስያንን በበሰለ እህል አጥምዶ፣ አባዝቶ፣ ለጓሮ አፈር መስጠት የሚባለው ዘዴ ነው።

ዘዴው ከንቱ አይደለም፤ ነገር ግን የሚነገርለትን ያህልም አይሠራም። ችግሩ የሚመነጨው «የአፈር ረቂቅ ተሕዋስያን» በሚለው አንድ ስም ሥር አኗኗራቸውም ምግባቸውም ፈጽሞ የተለያየ ፍጥረታት ስለሚጠቃለሉና አንዱን ለመያዝ የሚያገለግለው ወጥመድ ሌላውን ስለማይዝ ነው። በሩዝ ወይም በንፍሮ የሚያዘው በሩዝና በንፍሮ የሚኖረው ብቻ ነው። ለባቄላ ናይትሮጅን የሚያዘጋጀውን ባክቴሪያ፣ ለሽንኩርት ሥር ፎስፈረስ የሚያቀርበውን ፈንገስ የሚፈልግ ሰው ሌላ ወጥመድ ያስፈልገዋል፤ ደግነቱ ይህኛው ወጥመድ ከመጀመሪያው ይልቅ ርካሽ ነው።

የበሰለ እህል ዘዴው በስፋት የታወቀው በኮሪያ ነው። ቾ ሃን ኪዩ የተባሉት ደቡብ ኮሪያዊ የግብርና ሰው እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ በአገራቸውና በጃፓን ያዩትን የመፍላትና የማብላላት ልማድ አቀናጅተው «የተፈጥሮ እርሻ» ብለው አስተማሩ፤ ትምህርቱ ወደ ሃዋይ ተሻግሮ የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኤክስቴንሽን ክፍልም አሠራሩን ደረጃ በደረጃ የሚያስረዱ በራሪ ጽሑፎች አውጥቶበታል። አሠራሩ ይህን ይመስላል። ጠንከር ተደርጎ የበሰለ ሩዝ በእንጨት ሳጥን ውስጥ ሳይጠቀጠቅ ይሞላል፤ አየር በሚያስገባ ወረቀት ወይም ጨርቅ ይሸፈናል፤ ከዚያም ዝናብና አይጥ እንዳይደርስበት ተደርጎ በዛፍ ሥር ረግፎ በሚበሰብስ ቅጠል ውስጥ ይቀበራል። እንደ አየሩ ሙቀት ከአራት ቀን እስከ ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ነጭ ጥጥ የመሰለ ሻጋታ ያለብሰዋል። ይህ ሩዝ በክብደቱ ልክ ከቡናማ ስኳር ጋር ተቀላቅሎ ይቀመጣል፤ ስኳሩ እርጥበቱን ስለሚስብበት ሻጋታው እድገቱን ገትቶ ያንቀላፋል። ሲያስፈልግ ጥቂቱ በብዙ ውኃ ቀጥኖ በስንዴ ወይም በሩዝ ፉርሽካ ላይ ይረጫል፤ ክምሩ ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እንዳይግል እየተገላበጠ ለሳምንትና ከዚያ ለሚበልጥ ጊዜ ይብላላል፤ በመጨረሻም ከአፈር ጋር እኩል ለእኩል ተደባልቆ ለጓሮው ይሰጣል።

እኛ ዘንድ ሩዝ ውድ ነው፤ ስኳርም እንዲሁ። የስንዴ ወይም የገብስ ንፍሮ፣ ውኃው በደንብ ከተንጠፈጠፈ፣ የሩዙን ሥራ ይሠራል፤ የስኳሩን ቦታ ከስኳር ፋብሪካ የሚወጣው ሞላሰስ ሊተካ ይችላል፤ ለማባዣው ደግሞ ፉርሽካ አለ። በዚሁ ትምህርት ውስጥ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያን ከወተት ማባዛትም ስለሚመከር አንዳንዶች አጓት ይጠቀማሉ። አይብ ሲወጣ አሬራው እሳት ላይ የሚጣድ በመሆኑ በአጓቱ ውስጥ ከነበረው ባክቴሪያ አብዛኛው ሞቷል፤ ሕያው የሆነውን የሚፈልግ ሰው ሳይሞቅ በፊት ያለውን አሬራ መጠቀም አለበት።

በሳጥኑ ውስጥ የሚያዘው ማን እንደሆነ ለመረዳት አስቀድሞ በአፈር ውስጥ ያለውን ብዛት ማሰብ ያስፈልጋል። በአንድ ግራም ለም አፈር ውስጥ እስከ ቢሊዮን የሚደርስ ባክቴሪያ ይኖራል፤ ዓይነቱም በሺዎች ይቆጠራል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ በተለመደው የቤተ ሙከራ ምግብ ላይ ሊበቅል የሚችለው አንድ በመቶ ገደማ ብቻ መሆኑ ለማይክሮባዮሎጂ ባለሙያዎች የቆየ እውቀት ነው። የቀረው በጣም ዝግ ብሎ የሚያድግ፣ ወይም ያለ ጎረቤቶቹ መኖር የማይችል፣ ወይም ከሕያው ሥር ውጭ ምግብ የማያገኝ ነው። በእርጥብና በስታርች የበለጸገ እህል ላይ ቀድሞ የሚደርሰው በፍጥነት የሚያድግ ሻጋታ፣ እርሾና ጥቂት ባክቴሪያ ነው። ስለዚህ ከጥድ ሥር የተቀበረ ሳጥንና ከወይራ ሥር የተቀበረ ሳጥን፣ ደኖቹ የቱንም ያህል ቢለያዩ፣ ተቀራራቢ ነገር ይዘው ሊመለሱ ይችላሉ። «የደኑን ሕይወት ወደ ጓሮዬ አመጣሁ» የሚለው አነጋገር እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ የመጣው የደኑ ሕይወት ሳይሆን በደኑ ውስጥ ለንፍሮ የቸኮለው ክፍል ነው።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ነገሩን ለማስረዳት ከእርሾ የቀረበ ምሳሌ የለም። ከትናንቱ ሊጥ የተቀዳ ጥቂት እርሾ አዲሱን ሊጥ በሌሊት የሚያስነሣው፣ ቡኮው ለእርሱ የተዘጋጀ፣ ሌላ ነዋሪ ያልጠናበት ምግብ ስለሆነ ነው። የጓሮ አፈር ግን ባዶ ቡኮ አይደለም። ቦታው ተይዟል፤ ምግቡም በላተኛ አለው፤ ባክቴሪያ የሚበሉ ባለ አንድ ህዋስ ፍጥረታትና ትናንሽ ትሎችም አድፍጠውበታል። ከውጭ የገባ ረቂቅ ተሕዋስ ቁጥሩ በሳምንታት ውስጥ እያሽቆለቆለ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። በአንጻሩ ቦታው በእርግጥ ባዶ ከሆነ፣ ለምሳሌ በእንፋሎት በጸዳ የችግኝ አፈር ወይም የላይኛው አፈሩ ታጥቦ በሄደ የተራቆተ መሬት ላይ፣ የሚጨመረው ተሕዋስ የመቆየት ዕድሉ ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል።

ይህ ግምት ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳይ ጥሩ ሙከራ አለ። በጃፓን ኦኪናዋ የሪዩኪዩ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ቴሩዎ ሂጋ ያስተዋወቁትና በምሕጻረ ቃል ኢኤም (ኢፌክቲቭ ማይክሮኦርጋኒዝምስ) እየተባለ በብዙ አገሮች፣ በኢትዮጵያም ጭምር፣ የሚታወቀው የረቂቅ ተሕዋስያን ቅልቅል እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2006 በስዊዘርላንድ ዙሪክ በማሳ ላይ ተፈትኖ ነበር። የሙከራው ብልሃት ያለው ሕያው ኢኤም ከተሰጠው መደብ ጎን፣ ያው ኢኤም ተቀቅሎ ከሞተ በኋላ የተሰጠው መደብ ማኖሩ ላይ ነው። ሁለቱ መደቦች ተመሳሳይ ንጥረ ነገር አግኝተዋል፤ ልዩነታቸው የሕይወት መኖርና አለመኖር ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው ሕያዋኑ ከሞቱት የተለየ ጥቅም አላስገኙም፤ የታየው ለውጥ ተሕዋስያኑን ተሸክሞ ከገባው የተብላላ ቁስና ከንጥረ ነገሩ የመጣ ነበር። የስዊዘርላንድ አየር ቀዝቃዛ ነው፣ ሙከራውም በጓሮ ሳይሆን በእርሻ ማሳ ላይ የተደረገ ነው ተብሎ መከራከር ይቻላል፤ ክርክሩም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ሕያውን ከሞተው ሳያነጻጽር «ሰብሌ አማረልኝ» የሚል ምስክርነት የሻጋታውን ሥራ ከፉርሽካው ሥራ መለየት አይችልም።

ፉርሽካው ደግሞ በራሱ ማዳበሪያ ነው። የስንዴ ፉርሽካ በደረቅ ክብደቱ ከ2 በመቶ በላይ ናይትሮጅን ይይዛል፤ 10 ኪሎ ፉርሽካ ለአንዲት ትንሽ መደብ ከተሰጠ 250 ግራም ያህል ናይትሮጅን ገባ ማለት ነው፤ ይህም ከግማሽ ኪሎ በላይ ዩሪያ የሚይዘውን ያህል ነው። ጎመኑ ቢለመልም የሚያስደንቅ አይሆንም። ለከብት መኖ የሚፈለገውን ፉርሽካ መሬት ላይ መበተን ያዋጣል ወይ የሚለው ግን እያንዳንዱ ቤት በዕለቱ የመኖ ዋጋ የሚመልሰው ጥያቄ ነው፤ እንደ እኔ አስተያየት ላምና ዶሮ ያለው ሰው ፉርሽካውን ለእነርሱ ሰጥቶ ፍጉን ለኮምፖስት ቢያውል ከአንዱ ነገር ሁለት ጊዜ ይጠቀማል።

በሳጥን የተያዘው ሻጋታ እውነተኛ ጠቀሜታው ኮምፖስት ላይ ነው። ገለባ፣ አገዳና ደረቅ ቅጠል የሚበዛበት ክምር ቶሎ እንዲበሰብስ ከጫካ የመጣ የበሰበሰ ቅጠል ወይም ይህ ሻጋታ ቢጨመርበት ሥራውን ሊያፋጥን ይችላል፤ ከቀድሞው የኮምፖስት ክምር የተረፈ አንድ ባልዲ ብስባሽም ይህንኑ ያደርጋል፤ እርሱ ደግሞ ንፍሮም ስኳርም አይፈልግም።

አደጋውንም ሳይናገሩ ማለፍ አይገባም። በእርጥብ እህል ላይ የሚበቅል ሁሉ ነጭ አይደለም። ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለውን ጉበት የሚጎዳና ካንሰር የሚያስከትል መርዝ ከሚያመነጨው ዝርያ ሊሆን ይችላል፤ ነጭ መሆን ብቻውንም ለደኅንነት ዋስትና አይሆንም፤ ዓይን ዝርያ አይለይምና። ስለዚህ የሸገተውን ንፍሮ ለዶሮም ሆነ ለከብት መስጠት ፈጽሞ አይገባም፤ ሥራው ከማድ ቤት ውጭ ቢሆን፣ ደረቅ ክምር ሲገላበጥ አፍና አፍንጫ ቢሸፈን፣ አስም ያለበት ወይም የበሽታ መከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ደግሞ ባይነካው ይሻላል። ሰላጣን በመሰለ ጥሬውን በሚበላ ቅጠል ላይ የተብላላ ውኃ መርጨትም፣ በተለይ ፍግ ከገባበት፣ የሆድ በሽታ መጋበዝ ነው።

ወደ ሁለተኛው ወጥመድ ስንመጣ የምናገኘው ከሁሉም ይበልጥ የተጠናውንና በኢትዮጵያም ገበያ ላይ የዋለውን፣ ለጥራጥሬ ናይትሮጅን የሚያዘጋጀውን ባክቴሪያ፣ ራይዞቢየምን ነው። ሄልሪጌልና ቪልፋርት የተባሉ ጀርመናውያን እ.ኤ.አ. በ1886 የጥራጥሬ ሰብሎች ከአየር ናይትሮጅን የሚያገኙት በሥራቸው ላይ ባሉት እባጮች አማካይነት መሆኑን አሳወቁ፤ በ1888 ሆላንዳዊው ቤይጀሪንክ ባክቴሪያውን ከእባጩ ለይቶ አበቀለው፤ በ1896 ኖቤና ሂልትነር ለሽያጭ የሚሆን ዝግጅት አወጡ። ከዚያ በፊት የነበረው ዘዴ ጥራጥሬ በደንብ ከበቀለበት ማሳ አፈር ጭኖ ወደ አዲሱ ማሳ ማጓጓዝ ነበር። በ1900ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ባክቴሪያውን በደረቀ ጥጥ ላይ አድርጎ በፖስታ ለገበሬዎች ለማደል ሞክሮ ነበር፤ አብዛኛው በመድረቁ ስለሞተ ሙከራው ከሸፈ። ይህ የቆየ ታሪክ ዛሬም ለቤት ውስጥ አምራች ይጠቅማል፦ ተሕዋስ ማባዛት ቀላሉ ክፍል ነው፤ ከባዱ ዘር እስኪደርስ ድረስ በሕይወት ማቆየት ነው።

በኢትዮጵያ «ሕያው ማዳበሪያ» በሚል ስም የሚታወቀው ይህ ዝግጅት ለባቄላ፣ ለሽምብራ፣ ለምስር፣ ለቦሎቄና ለአኩሪ አተር ተለይቶ ይመረታል፤ ከአምራቾቹ አንዱ መናገሻ ባዮቴክ ነው። 125 ግራም የምትመዝን አንዲት እሽግ ለሩብ ሄክታር የሚዘራ ዘር ትበቃለች፤ ከዩሪያ ኩንታል ጋር ሲነጻጸር ሸክሙም ወጪውም የትየለሌ ይለያያል። እዚህ ላይ «የአገር ውስጥ» የሚለው ሐሳብ ትርጉም ያለው ይሆናል፤ ምክንያቱም ለደጋ ሰብሎች የተመረጡት ዝርያዎች ከኢትዮጵያ አፈርና ከኢትዮጵያ ባቄላ ሥር ተለቅመው፣ በቤተ ሙከራና በማሳ ተወዳድረው የተገኙ ናቸው።

እሽጉ የማይደርሰው የጓሮ አልሚ ግን በእጁ ሊሠራው ይችላል። ባቄላው ሲያብብ በጣም የለመለመውን ተክል ሥሩን ሳይበጥሱ በአካፋ ማውጣት፣ አፈሩን በውኃ ማጠብ፣ ከዋናው ሥር ላይ ያሉትን ትልልቅ እባጮች አንዱን በጥፍር ሰንጥቆ ውስጡን ማየት ነው። ውስጡ ደም የመሰለ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ ባክቴሪያው ሥራ ላይ ነው፤ ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ከሆነ ግን አይጠቅምም። ጥሩዎቹ እባጮች በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ተጨፍልቀው፣ ትንሽ ስኳር ተበጥብጦባቸው፣ ዘሩ በጥላ ሥር ይታሽበታል፤ ሳይውል ሳያድር እርጥብ አፈር ውስጥ ይዘራና ወዲያው ይለብሳል። የፀሐይ ብርሃንና ድርቀት ገዳዮቹ ናቸው፤ በፀረ ፈንገስ የታሸ ዘርም እንዲሁ ሊያጠፋው ይችላል።

ሆኖም ማን ለማን እንደሚሆን ማወቅ ግድ ነው። ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ጓያ አንድ ወገን ናቸው፤ የአንዱ ለሌላው ይሆናል። ሽምብራ የራሱ አለው፤ ቦሎቄም እንዲሁ። አብሽ ከአልፋልፋ ጋር ይጋራል። አኩሪ አተር ደግሞ ከምሥራቅ እስያ የመጣ ሰብል ስለሆነ ተስማሚው ባክቴሪያ በብዙ የአፍሪካ አፈሮች ውስጥ በበቂ አይገኝም፤ ስለዚህ ከአገር ደን ምንም ያህል ቢጠመድ ለእርሱ አይጠቅምም፤ እሽጉን መግዛት ይሻላል። ባቄላ ለብዙ ዘመን ሲፈራረቅበት የኖረ የደጋ ማሳ በተቃራኒው የራሱን ባክቴሪያ ስላከማቸ አዲስ መጨመሩ ሁልጊዜ ለውጥ አያመጣም፤ ነባሮቹ ቁጥራቸው ስለሚበዛ አዲስ የመጣውን ወደ ሥሩ ይቀድሙታል። አዲሱ ጓሮ፣ በተለይም ከቤት ግንባታ የተረፈ ቀይ አፈር የተደለደለበት ግቢ፣ ይበልጥ ይጠቀማል።

ሦስተኛው ወገን ከተክል ሥር ጋር ተወዳጅቶ የሚኖረው ፈንገስ፣ ማይኮራይዛ፣ ነው፤ ሰዎች ወደ ደን የሚሄዱት ባብዛኛው ይህን ፈልገው ነው፤ በንፍሮ ፈጽሞ የማይያዘውም ይኸው ነው። ከአብዛኞቹ ሰብሎች ጋር የሚወዳጀው የማይኮራይዛ ዓይነት ምግቡን ከሕያው ሥር ብቻ የሚቀበል ስለሆነ፣ በበሰለ እህል ላይ አንድ ጋት እንኳ አያድግም። በምላሹ ከፀጉር የቀጠነ ክሩን ሥሩ ከማይደርስበት ርቀት ዘርግቶ ፎስፈረስ ያመጣል፤ ይህም ፎስፈረስን አጥብቀው ለሚይዙት የደጋ ቀይ አፈሮቻችን ትልቅ ነገር ነው። ተስፋዬ ውበትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት በደረቁ የኢትዮጵያ ደጋ ደኖች ውስጥ ያሉ አገር በቀል ዛፎችን ሥር መርምረው አብዛኞቹ ይህን ዓይነት ማይኮራይዛ እንደሚይዙ አሳይተዋል። ጥድ፣ ወይራና ዝግባ ለጓሮው ጥሩ ምንጭ ሊሆኑ ይችላሉ ማለት ነው።

ወጥመዱ እንግዲህ ሕያው ሥር መሆን አለበት። ከወንዝ አሸዋና ከጥቂት አፈር የተሰናዳ ድብልቅ በበርሜል በእንፋሎት ይቀቀላል፤ ወይም ረጥቦ ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ተሸፍኖ ለሳምንታት ፀሐይ ይመታዋል። በማሰሮ ወይም በላስቲክ ከረጢት ከተሞላ በኋላ ከዛፍ ወይም ከነባር ሣር ሥር፣ ከላይኛው 20 ሴንቲሜትር ውስጥ ቀጫጭን ሥሮችን የያዘ አንድ ሁለት እፍኝ አፈር መሐሉ ላይ ይደረጋል፤ በላዩም ማሽላ ወይም በቆሎ ይዘራል። ፎስፈረስ ያለው ማዳበሪያ አይሰጠውም፤ ተክሉ ፎስፈረስ በቀላሉ ካገኘ ፈንገሱን አይፈልገውም። ከሦስት እስከ አራት ወር ካደገ በኋላ ውኃው ይቆምበታል፤ ተክሉ ሲደርቅ ፈንገሱ ለክፉ ጊዜ የሚሆነውን ዘር መሰል ስፖር ያከማቻል። ከዚያ አገዳው ተቆርጦ ሥሩ ከነአሸዋው ይከተከታል፤ ችግኝ በሚተከልበት ጉድጓድ ውስጥ፣ ሥሩ እንዲነካው ተደርጎ፣ አንድ እፍኝ ይጨመራል። በአሜሪካ የሮዴል ኢንስቲትዩትና የግብርና መሥሪያ ቤቱ ተመራማሪዎች ለአነስተኛ ገበሬ ያዘጋጁት ዘዴም በመሠረቱ ይኸው ነው፤ እነርሱ በማሽላ ፈንታ ውርጭ የሚገድለውን ባሂያ የተባለ ሣር ይጠቀማሉ። ማሽላ የሚመረጠው ለሌላም ምክንያት ነው፦ የቲማቲምንና የሽንኩርትን በሽታዎች አብዛኞቹን አያባዛም።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን ይህን የሚቀበለው ማን ነው የሚለውን ነው። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ቃሪያ፣ ቲማቲምና ሰላጣ ከማይኮራይዛ ጋር ይወዳጃሉ፤ ሥራቸው አጭርና ቅርንጫፉ ጥቂት የሆነው የሽንኩርት ወገኖች ከሁሉም የበለጠ ይጠቀማሉ። ጎመን፣ ጥቅል ጎመንና ጎመን ዘር ግን አይወዳጁም፤ ቆስጣና ቀይ ሥርም እንዲሁ። የአዲስ አበባ ጓሮ በአብዛኛው ጎመንና ቆስጣ እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጎመን ብቻ የሚተክል ሰው በማይኮራይዛ ላይ የሚያጠፋው ድካም በሙሉ ከንቱ ነው፤ ጎመን ለረጅም ጊዜ ሳይፈራረቅ የተተከለበት መደብም በዚህ ፈንገስ እየደኸየ ይሄዳል።

አፈር ከቦታ ቦታ ሲዘዋወር ወዳጅም ጠላትም አብሮ ይጓዛል። በደቡብ ኢትዮጵያ የዝንጅብል ምርትን እ.ኤ.አ. ከ2012 ገደማ ጀምሮ ያወደመው የባክቴሪያ አጠውልግ በአፈርና በተበከለ ዘር የሚተላለፍ ሲሆን፣ የዚያው ዝርያ ዘመዶች ድንችንና ቲማቲምን ያጠቃሉ። የነጭ ሽንኩርት ሥር አበስብስ ፈንገስ የሚተዋቸው ጥቃቅን ጥቁር ፍሬዎች ያለ ሽንኩርት ለሃያ ዓመት ያህል አፈር ውስጥ ሊቆዩ ይችላሉ። የእንሰት አጠውልግም በእርሻ መሣሪያ ይተላለፋል። በመሆኑም «ጎረቤቴ ጓሮ ሰብሉ ያምራል» ብሎ ከአትክልት መደብ አፈር ማምጣት ከደን ከማምጣት ይልቅ አደገኛ ነው፤ የሽንኩርት በሽታ የሚገኘው ሽንኩርት ባለበት ነውና። ከደን የሚመጣውም በቀጥታ ከመበተን ይልቅ በማሽላው ማሰሮ ውስጥ ቢያልፍ ይመረጣል፤ አካፋና ጫማም ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ከመሄዱ በፊት ቢታጠብ።

ከየት ይወሰድ የሚለው ጥያቄ ወደ ቤተ ክርስቲያን ደኖች ያመራል። በሰሜኑ ክፍል ነባር አገር በቀል ደን የቀረው ከሞላ ጎደል በየደብሩ ቅጥር ነው፤ በደቡብ ጎንደር ብቻ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ እንዳሉ እነ ዓለማየሁ ዋሴ ለዓመታት ያደረጉት ጥናት ያሳያል። ብዙዎቹ ጥቂት ሄክታር ብቻ የሚሸፍኑ ናቸው፤ ዙሪያቸውን በእርሻና በግጦሽ ተከበዋል፤ ረግፎ የሚበሰብሰው ቅጠላቸው ለራሳቸው ችግኝ መኝታ ነው። በጆንያ ጭኖ መውሰድ ከአስተዳዳሪው ፈቃድ ቢገኝ እንኳ ደኑን መዝረፍ ነው፤ ለማሽላው ማሰሮ የሚያስፈልገው ግን እፍኝ ብቻ ነው። በከተማ ደግሞ የድሮ ግቢ ወይራ፣ የወንዝ ዳር ብሳና ወይም ለረጅም ጊዜ ያልታረሰ ሣራማ ጥግ ይበቃል። ባሕር ዛፍ ሥር መሄድ አያስፈልግም፤ ቅጠሉ ዝግ ብሎ የሚበሰብስና ለሌሎች ዕፅዋት የማይመች ነው። ጊዜው መስከረምና ጥቅምት፣ አፈሩ ከክረምቱ ርጥበት ሳይለቅ፣ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከፍታውም ከጓሮው ከፍታ ብዙ ባይርቅ።

ባለቤትነቱም የሕግ ጉዳይ ነው። ስለ ጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦት (ማለትም ስለ ማግኘትና መጠቀም) የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 የጄኔቲክ ሀብት ባለቤትነትን ለመንግሥትና ለኢትዮጵያ ሕዝብ ይሰጣል፤ ረቂቅ ተሕዋስያንም በዚህ ውስጥ ይካተታሉ። የአካባቢ ማኅበረሰቦችን ልማዳዊ አጠቃቀምና ልውውጥ አዋጁ አይነካም፤ ነገር ግን ዝርያ ለይቶ ለምርምር ወይም ለንግድ ለማዋል፣ ይልቁንም ከአገር ለማውጣት፣ የብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋል። የጤፍን ዱቄት በኔዘርላንድስ በፓተንት ይዞ የነበረ ኩባንያ ያስከተለውን ክርክር የሚያስታውስ ሰው ይህ ጥንቃቄ ለምን እንደተደነገገ ይገባዋል። በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ ጓሮው ጌሾና በሶብላ የሚያለማ ወገናችን ከአገር ቤት አፈር በሻንጣ ይዞ መግባትም አይችልም፤ የአሜሪካ ሕግ ያለ ፈቃድ የውጭ አፈር እንዳይገባ ይከለክላል። ደግሞም ከዘዴው አንጻር ትርጉም የለውም፤ ለሜሪላንድ አፈር የለመደው ተሕዋስ ያለው ሜሪላንድ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አብዛኛው የጓሮ አፈር የጎደለው ተሕዋስ ሳይሆን ተሕዋሱ የሚኖርበት ሁኔታ ነው። ከኢትዮጵያ የሚታረስ መሬት 43 በመቶ ገደማ በአሲዳማነት የተጠቃ እንደሆነ ይነገራል፤ ራይዞቢየምም አብዛኞቹ የጥራጥሬ ሰብሎችም ኮምጣጣ አፈር አይስማማቸውም፤ ስለዚህ በብዙ የምዕራብና የመካከለኛው ደጋ አካባቢዎች የግብርና ኖራ ሳይሰጡ እሽግ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ፀሐይ የሚያነድደው፣ በየጊዜው የሚቆፈር፣ ከምግብ ትርፍራፊና ከቅጠል አንዳች የማይመለስለት መደብ ከየትኛውም ደን የመጣ ተሕዋስ አይኖርበትም። ጉዝጓዝ ያልተለየው፣ በመጠኑ የሚረጥብና ብስባሽ የሚያገኝ መደብ ግን የራሱን ነዋሪ በአንድ ሁለት ክረምት ውስጥ ራሱ ያከማቻል፤ ነፋስ፣ ውኃ፣ ፍግና የችግኝ ሥር ያመጡለታል።

ይህን ማንም በግቢው ሊፈትነው ይችላል። አፈራቸውና ፀሐያቸው አንድ የሆነ ሦስት መደቦች አንድ ዓይነት ሰብል ይተከልባቸዋል። ለአንደኛው የተዘጋጀው የተሕዋስ ድብልቅ ይሰጣል፤ ለሁለተኛው ያው ድብልቅ በመጠኑም ሳይጎድል ለግማሽ ሰዓት ተቀቅሎና ቀዝቅዞ ይሰጣል፤ ሦስተኛው ውኃ ብቻ ያገኛል። መደቦቹ ቢያንስ ሦስት ሦስት ጊዜ ቢደጋገሙና ቦታቸው በዕጣ ቢወጣ ይበልጥ ይታመናል። ምርቱ በሚዛን ይመዘን፤ ዓይን ያደላል። አንደኛው ከሁለተኛው ከበለጠ ሕያዋኑ ሠርተዋል። ሁለቱ እኩል ሆነው ሦስተኛውን ከበለጡ ደግሞ የሠራው ፉርሽካውና ሞላሰሱ ነው፤ በሚቀጥለው ወቅት ንፍሮ መቅበሩ ቀርቶ ያው ገንዘብ በቀጥታ በኮምፖስት ላይ ሊውል ይችላል።